ባለ ስምንት እግሯ ፊደል ስትቆጥር

ያ ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የሚስቅ ይመስል ነበር። ቤቱ ጠባብ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቢሆንም፣ እንዲያ የተሳቀበት ክረምት ከዚያ ወዲህ የመጣ አይመስልም።

ሬዲዮ ጠጋኟን ቤተሰቡ «ሽቦ» ይላታል። የታላቅ እህቷ የሹራብ ማሽን ቀጥ ብሎ ነበር፤ ውስጡ ሆና የምታዘው ቺፕ ተቃጥላለች። ሽቦ ከአሮጌ ዕቃ መሀል አንዲት ባዶ ቺፕ አገኘች፤ ማሽኑ የሚታዘዝበትን ፕሮግራምም አንድ የሙያ ባልደረባዋ በዲስክ ሰጣት። የቀረው ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ ወስዶ ቺፗ ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ነው። የፋብሪካው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። እህትየው ተስፋ ቆርጣ፣ ቅዳሜ ማሽኑን ለብረት ገዢ ልትሰጥ ቃል ገብታለች።

«ተይ አትስጪው፣ መጻፊያውን እኔው እሠራዋለሁ» አለች ሽቦ።

«በምን?»

«በሳሙና ማስቀመጫ።»

እህትየው ቀልድ መሰላት። ሽቦ ግን የተጣለ የፕሪንተር ገመድ ቆርጣ፣ ከሞተ ሬዲዮ ሬዚስተር ነቅላ፣ ሁሉንም ሳሙና ማስቀመጫው ውስጥ በየደችው። መበየጃው ጣቷን ሲልሳት «ውይ!» ትልና መልሳ ትስቃለች።

ዓርብ ጠዋት ቺፗን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወረንጦ ፍለጋ ጎንበስ ስትል፣ ጯ! የሚል ድምፅ ሰማች። ቀና ብትል እናቷ ነጠላ ጫማቸውን እንዳነሡ ቆመዋል።

«ገደልኳት!» አሉ ደስ ብሏቸው። «እንዴት ያለች የጠገበች ትኋን!»

«እማዬ! ቺፗን እኮ ነው!»

«ምን አውቄ? እግሯ አይታይሽም?»

«ልጽፍባት ነበር!»

«እናትሽን ፊደል ሳታስቆጥሪ ለተባይ ታስተምሪያለሽ?»

ሽቦ ልታለቅስ ስትል ሳቅ ቀደማት። የቺፗ እግሮች ተጣመዋል፤ አንዱማ ተቆርጧል። ሌላ ቺፕ የለም። የተጣመሙትን በወረንጦ አቃናች፤ በተቆረጠው ፋንታ ፀጉር የምታህል የመዳብ ክር በየደች። እናትየው የእጅ ባትሪ ይዘው «ቀስ በይ፣ እንዳታሚያት!» ይላሉ፤ አሁን የእሳቸው በሽተኛ ሆናለች።

መጻፊያው ላይ ሲሰኳት ኮምፒውተሩ መጀመሪያ «አላውቃትም» አለ። ገመዱን ነቅነቅ ሲያደርጉለት ግን «ተጽፏል» ብሎ አረፈው። ሽቦ እየሮጠች ወስዳ ማሽኑ ውስጥ ከተተቻት። ቸክ፣ ቸክ፣ ቸክ! ክሩ መጓዝ ጀመረ። ሦስቱ ሴቶች ሲጮኹ ጎረቤት ደንግጦ መጣ።

«ማን ሞተ?»

«የሞተ የለም» አሉ እናትየው፣ «የገደልኳት ተነሣች እንጂ!»

በማግስቱ ብረት ገዢው ጋሪውን እየገፋ መጣ፣ የሚሠራውን ማሽን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ ባዶ ጋሪውንም ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ጠጋኝ ሁሉ ቺፕ በኪሱ ይዞ «እስቲ ጻፊልኝ» እያለ የሚመጣው ወደ ሽቦ ሆነ። እናትየው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው «ተማሪ መጣልሽ!» ይሏታል።

እህትየው ዓይኗ እስኪደክም በዚያው ማሽን ሠራች። ሽቦ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ከሰፈሩ አውቶቡስ ማቆሚያ ጀርባ፣ በተከራየቻት አንዲት ክፍል፣ የጆሮ መስሚያ ስትጠግን ነው። ሰፈሩ ለአዲስ ግንባታ ከፈረሰ በኋላ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ የለም።