ለፈንታው ልሰጠው የነበረው ኩላሊት

ለቤይሩት ሥራ ከላሊበላ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ታናሽ ወንድሜ ፈንታው ሻንጣዬን በበቅሎው ጭኖ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። ያቺ በቅሎ ቱሪስት ወደ አሸተን ማርያም የምታወጣ ነበረች። ቱሪስቱ ሲጠፋ እሷም ሥራ ፈታች፣ እኔም አልጋ የማነጥፍበት ሆቴል ተዘጋ።

«እታለም፣ ከከፋሽ ተመለሽ። ማንም አይስቅብሽም» አለኝ።

አውቶቡሱ ኩልመስክን እስኪያልፍ ወደ ኋላ ዞሬ ነበር የምሄደው። ምን እንዳይ እንደሆነ እንጃ፣ ተራራው ሁሉ ጉም ለብሷል።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ቤይሩት ሲባል ባሕርና ፎቅ ነው የሚታያችሁ። እኔን የተቀበለኝ ወበቋ ነው። የላስታን ብርድ ጋቢ ከደረቡ ያሸንፉታል፤ ይሄ ግን ቆዳ ላይ ተለጥፎ አይለቅም። ዐይራን የሚሉት አለ፣ እርጎ መስሎኝ ብጎነጨው ጨው ጨምረውበታል! ሰዉም አንዴ «ብይ» ካለ አለ ነው። አፈር ስሆን ብሎ የሚለምን የለም። እኔ ሞኟ፣ ደግማ እስክትለምነኝ ስግደረደር አሠሪዬ ማዳም ሳህኑን አነሳችው። ጦሜን አደርኩ።

የማዳም ቤት የሠራተኛ ሽንት ቤት በረንዳው ላይ ነው፤ የበረንዳው ቁልፍ ደግሞ እሷ ዘንድ። ስለዚህ ውሃ መጠጣት ተውኩ። እዚያ ቤት የለመድኩት ሽንት መያዝ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም። በመጨረሻ ወጥቼ፣ ከከሚሴዋ ልጅ ከዘሀራ ጋር ክፍል ተከራየሁና በተመላላሽ ማጽዳት ጀመርኩ።

እንዲህ ስኖር እማዬ ደወለች። ፈንታው ፊቱና እግሩ አብጧል። ጸበል ወሰዱት፣ ቀጥሎ ወልድያ። እዚያ በአልትራሳውንድ ሲያዩት ኩላሊቶቹ ሁለቱም ጨርሰው ተኮማትረዋል። አሁን ደሴ እጥበት ላይ ነው፣ ሐኪሞቹም «ከቤተሰብ የሚሰጥ ሰው ፈልጉ» ብለዋል። አባታችን የለም፣ እማዬ አርጅታለች። የቀረሁት እኔ ነኝ።

«የኔን እሰጠዋለሁ፣ እመጣለሁ» አልኩ ወዲያው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሐዘኔ ጋር ደስታም ነበረበት። አገሬ የምገባበት ምክንያት አገኘሁ! ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሻንጣዬን አውጥቼ አራግፋለሁ፣ መልሼ አስገባለሁ።

«መጀመሪያ ተመርመሪ እንጂ» አለች ዘሀራ፣ ይዛኝም ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደች። ተቀባይዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ኢቃማ?»

«የመኖሪያ ፈቃዴ ማዳም ጋ ቀርቷል።»

«እንግዲያው የከፊልሽን ፈቃድ አምጪ። የአሠሪሽን።»

«ኩላሊቱ የማን ነው? የኔ ወይስ የማዳም?»

ዘሀራ ቃል በቃል ተረጎመችላት። ሴትዮዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ሐቢብቲ፣ እዚህ አገር ይሄን እርግጠኛ ሆኖ የሚነግርሽ የለም» አለችና ፈቃዱን ትታ ለማግስቱ ቀጠረችን። «ፊኛሽ ካልሞላ በደንብ አይታይም። ብዙ ውሃ ጠጥተሽ፣ ሳትሸኚ ነይ።»

በማግስቱ ጠዋት ከቧንቧው ስቀዳ የቤቱ ባለቤት አቡ ጃድ ደረሰብኝ።

«ሌላ ሰው አስገብታችኋል?»

«ኧረ እኔው ነኝ የምጠጣው። ሐኪም አዞኝ ነው።»

«ሐኪሙ የውሃውን ይከፍላል?»

በዚያ ሁሉ ውሃ ተወጥሬ ክሊኒኩ ውስጥ ወረፋ ጠበቅኩ። እግሬን አጣምራለሁ፣ እነሳለሁ፣ ግድግዳ እደገፋለሁ። የሚጠራ የለም። ዘሀራ ልታስቀኝ ስትሞክር «ተይኝ፣ ያመልጠኛል!» ብዬ ተቆጣኋት።

ሐኪሟ ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን ታንሸራትት ጀመር። ፊኛዬን አየች፣ ደህና ነው። ቀኝ ጎኔን አየች፣ ደህና ነው ብላ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ግራ ስትሄድ ቆየች። በጎኔ አስተኛችኝ፣ ተጫነችኝ፣ ቅባት ጨመረች። ከዚያ ሌላ ሐኪም ጠራች።

«ኦፕራሲዮን ሆነሽ ታውቂያለሽ ወይ ትላለች» አለች ዘሀራ። ድምፅዋ ተለውጧል።

«የት?»

ዘሀራ ራሷ ልብሴን ገልጣ ጀርባዬን አየች። ጠባሳ የለም። ሐኪሟ እያስረዳች ሄደች፣ ዘሀራም እጄን ይዛ ቀስ እያለች ተረጎመችልኝ።

«ሙልዬ፣ አንድ ነው ያለሽ። የግራው ሲፈጥርሽም አልነበረም። ቀኙ የሁለቱን ሥራ እየሠራ ተልቆ አድጓል። ጤነኛ ነው። ግን አይሰጥም፣ ለማንም። ደግሞ ውሃ ጠጪ፣ ሽንትሽን አትያዢ ብላለች።»

እንደዚያ ተወጥሬ፣ ሽንት ቤት መሄድ ረስቼ ተቀመጥኩ።

ደሴ ስደውል ስልኩን ያነሳችው እማዬ ናት። ነገርኳት።

«ማን ወሰደብሽ?» አለች።

«ማንም አልወሰደብኝም፣ እማዬ። ስወለድም አንድ ነበር።»

«ውሸት! አሸተን ማርያምን፣ እኔ ሁለት አድርጌ ነው የወለድኩሽ! አረቦቹ ናቸው። አስተኝተው ነው የወሰዱብሽ።»

«እማዬ፣ ጠባሳ የለኝም እኮ...»

«ሙሉ ልጅ ነው የሰደድኩት!» ብላ አለቀሰች። ምን ብዬ ላሳምናት? እስከ ዛሬም አላመነችኝም።

ፈንታው ስልኩን ተቀበላት።

«አንቺ ደህና ነሽ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ። ፈንትሽ፣ ይቅር በለኝ።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው የምታወሪው? ብትሰጪኝ ኖሮ ትሞችብኝ ነበር። የአክስታችን ልጅ ከብልባላ ለምርመራ እመጣለሁ ብሏል። የሱ ይስማማኝ አይስማማኝ ገና አይታወቅም። እንግዲህ አትመጪም ማለት ነው።»

ያለ ኢቃማ ከዚህ መውጣት ራሱ ብዙ ጣጣ አለው። አንዴ ከወጣሁ ደግሞ መመለሻ የለኝም።

«ባዶ እጄን መጥቼ ምን አደርግልሃለሁ?» አልኩት።

«ኧረ ነይ» አለኝ። «ኩላሊት ብቻ ነው እንዴ የናፈቀኝ?»

ነርሷ ስሙን ስትጠራ ተሰማኝ። ስልኩን ሳይዘጋው አልጋው ላይ አስቀመጠው። የእጥበቱ ማሽን ሲጀምር ሰማሁ፣ እማዬም ብርድ ልብሱን ስታስተካክልለት። ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ጆሮዬን ከስልኩ አላነሳሁም።