ኳስ ያቀፈው ቀይ ሰው

ያገለገለ መኪና ውስጥ ገብታችሁ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ሌላው መብራት ሁሉ ከጠፋ በኋላ አንዲት ቀይ ምልክት ብቻ ከመሪው ጀርባ አፍጥጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀበቶ አስሮ የተቀመጠ ሰው ትመስላለች፤ ከሰውየው ፊት ለፊት ትልቅ ኳስ አለ። ሹፌሩን ምንድን ናት ብትሉት «ስገዛትም ነበረች» ይላችኋል። ደጋግማችሁ ከጠየቃችሁት የቅዱስ ሥዕል ይለጥፍባታል።

እኔ ይህችን ምልክት በደንብ ያወቅኋት ንፋስ መውጫ ከተማ ፊዚክስ ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት ነው። የተከራየኋት ክፍል የአንድ እህል ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበረች። ጋሼ እላቸው ነበር። ጋሼ ዓርብ ዓርብ አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ ወርደው ገብስና ባቄላ ይገዛሉ፤ ቅዳሜ የገዙበትን ክርክር ለሰፈሩ ሁሉ ይተርካሉ። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ግን ከደብረ ታቦር አንዲት አሮጌ ነጭ አውቶሞቢል እየነዱ መጡ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። ከጋሼ በፊት ስንት ባለቤት እንደነበራት ሻጩ ሊቆጥር ሞክሮ ሦስተኛው ላይ ተምታቶበታል አሉ።

መኪናዋ ስትገዛ ቀይዋ ምልክት በርታ ትጠፋ ነበር። ኅዳር ላይ በርታ ቀረች።

ማስረዳት እወዳለሁ፤ ተማሪ ባይኖር አከራይም ይበቃኛል። ከጋሼ መጋዘን ባዶ ስልቻ አምጥቼ፣ አጣጥፌ ደረቴ ላይ ያዝሁና ትምህርቱን ጀመርሁ። ኤርባግ ማለት መሪው ውስጥና ከጋቢናው ፊት ለፊት እንዲህ ታጥፎ የሚቀመጥ ስልቻ ነው፤ መኪናዋ ከባድ ነገር ስትገጭ ዓይን እስኪጨፈን በጋዝ ይነፋና የሰውን ፊትና ደረት ይቀበላል አልሁ። ቀይዋ መብራት ሳትጠፋ ከቀረች፣ ሥርዓቱ ራሱን መርምሮ አንድ ቦታ ጉድለት አግኝቷል ማለት ነው፤ የግጭት ቀን ስልቻው ላይነፋ ይችላል ብዬ ጨረስሁ።

ጋሼ ስልቻውንም እኔንም አዩን። «ንፋስ በነፃ በሚገኝበት አገር የንፋስ ስልቻ ላስጠግን?» አሉ። ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ።

ጉዳዩን የከፈቱት ባለቤታቸው ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበሩ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ፀንሰው አልሆነላቸውም፤ ሁለተኛው የጨነገፈብኝ ሰው ቆሞ በሚጫንበት አውቶቡስ ውስጥ ስንገላታ ነው ብለው ያምናሉ። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ጥምቀት እንዳለፈ ደብረ ታቦር ወርደው፣ ዘመድ ቤት ተቀምጠው፣ ሆስፒታል አጠገብ ቀናቸውን እንዲጠብቁ አጥብቃ ነግራቸዋለች። ጋሼ መኪናዋን የገዙትም እውነቱን ለመናገር ለዚህ ነው፤ ለሰው ግን ለንግድ ነው ይላሉ።

ጥምቀት አንድ ሳምንት ሲቀረው እትዬ ወንበሩን ለመሞከር ጋቢና ገቡ። ጋሼ ቁልፉን አዞሩ። እትዬ ቀይዋን ምልክት አዩና ወረዱ።

«ነፍሰ ጡር ናት» አሉ። «ሆዷን አታዩም? ቀይ ለብሳ አትሂጂ እያለችኝ ነው።»

ቶሎ ብዬ ማስረዳት ጀመርሁ። ሴት ሳትሆን ሰው ብቻ ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለውም ሆድ ሳይሆን የተነፋው ስልቻ ነው አልሁ።

«ወንድ ከሆነማ ጋሼህ ነዋ፤ ቦርጩን እይ» አሉኝ። ፈገግ ግን አላሉም። መብራቷ ካልጠፋች ከዚህች መኪና እግራቸውን እንደማያስገቡ፣ ከሆነም በአውቶቡስ እንደሚሄዱ፣ ካልሆነም እዚሁ እንደሚወልዱ ተናግረው ወደ ቤት ገቡ። ሁለቱንም አዋላጅዋ ከልክላለች።

እኔ ነገርን በከፊል መተው አልችልም። በማግሥቱ ለእትዬ ለብቻቸው ሌላ ትምህርት ሰጠኋቸው። የደህና መኪና መብራት ጭራሽ የማትበራ አይደለችም አልኋቸው። ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ስታዞሩ ትበራለች፤ ራሷን ትመረምራለች፤ ስድስት ሰባት እስክትቆጥሩ ትጠፋለች። በርታ ከቀረች ታማለች። እትዬ ጣታቸውን እያጠፉ በጥሞና ሰሙኝ። እንደ እሳቸው የሚሰማ ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ አልነበረኝም።

ጋሼ በበኩላቸው የራሳቸውን መንገድ አግኝተዋል። አውቶቡስ ተራው አጠገብ የምትሠራ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች፤ ባለቤቷ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከእኔ ጋር እኩያ ስለነበርን ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ አብረን እናያለን። ጋሼ ከእሱ ጋር ግማሽ ሰዓት ቆይተው ፊታቸው በርቶ ተመለሱ። ቁልፉን አዙረው አሳዩኝ፤ ቀይዋ ምልክት የለችም። ኤሌክትሪሽያኑ ዳሽቦርዱን ፈትቶ አምፖሏን ነቅሏታል። ጋሼ አምፖሏን ከኮት ኪሳቸው አውጥተው እንደ ባቄላ ፍሬ በሁለት ጣት ይዘው አሳዩኝና፣ አንዲት ቃል ለእትዬ እንዳልተነፍስ አስጠነቀቁኝ።

ዝም አልሁ። አከራዬ ናቸው፤ በዕድሜም ታላቄ ናቸው፤ ምሳም ከቤታቸው ነው የምበላው። ማብራራት የሚወድ ሰው አንዳንዴ ዝም ሲል የሚከፋው ለዚህ ነው፤ ዝምታው አይለመድለትም፣ ያስታውቅበታል።

እትዬ ማንም ሳይረዳቸው የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቁልፉን አዞሩ። ከዚያ ጮክ ብለው ቆጠሩ። አሥር ደረሱ። የባትሪውና የዘይቱ መብራት በርተዋል፤ ቀይዋ ሴት ግን ጭራሽ አልመጣችም።

ከመኪናው ሳይወርዱ ባላቸውን ጠሩ። «ትናንት ታማ ነበር» አሉ። «ዛሬ የት አደረስሃት? ገድለህ ቀበርሃት?»

ጋሼ እኔን አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። እትዬ ሁለታችንንም አዩና መልሱን አገኙ። ለሁለት ቀን ጋሼን አላናገሯቸውም፤ የእኔንም ወጥ ቀጠን አድርገው ላኩልኝ። ወላድን በጠፋ አምፖል የሚያታልል ሰው መሪ አይጨብጥም ብለው፣ ዕቃቸውን ለአውቶቡስ ማሸግ ጀመሩ። የጉናን ጥግ ይዞ የሚጠማዘዘው መንገድ ያን ጊዜ ገና ጠጠር ነበር። ጋሼ ከመጋዘኑ ደጅ ተቀምጠው ጥፍራቸውን ሲነክሱ ያየሁት በዚያ ሰሞን ብቻ ነው። ሦስተኛውም እንዳይጠፋባቸው ፈርተዋል፤ ግን ፈራሁ አይሉም።

ስለዚህ ደብተር አወጣሁ። አርእስት ጻፍሁ፤ በማስመሪያም አሰመርሁበት። ኤሌክትሪሽያኑን አምፖሏን ይዞ እንዲመጣ ለመንሁት፤ ባጠፋው ነገር አፍሮ ስለነበር እሺ አለ። ከሁሉ ቀላሉን እናስቀድም አልሁት። ባትሪ የደከመ እንደሆነ መብራቷ ያለጥፋቷ ትበራለች፤ ለካነው፣ ደህና ነው። ቀጥሎ ከመሪው ሥር እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለች ሽቦ አለች፤ መሪው ሲዞር አብራ እየተዘረጋችና እየተሰበሰበች የመሪውን ኤርባግ ከቀሪው ጋር ታገናኛለች። በአሮጌ መኪና እሷ ቶሎ ትበጠሳለች፤ ስትበጠስም ብዙ ጊዜ ክላክሱም አብሮ ዝም ይላል። ክላክሱን ነካሁት፤ የጎረቤት አህያ መለሰለት። እሷም ደህና ናት ብለን አለፍን። ቀጥሎ ከወንበሮቹ ሥር ያሉት ቢጫ ሶኬቶች ናቸው። የኤርባግ ሽቦ ሶኬቱ ቢጫ የሆነው ማንም በዘፈቀደ እንዳይነካው ነው፤ ግን ወንበር በተገፋ፣ ዕቃ በተጠቀጠቀ ቁጥር ይላላል።

የሹፌሩ ወንበር ሥር ደህና ነበር። ወደ ጋቢናው ወንበር ጎንበስ ስል ጋሼ እጄን ያዙ።

እዚያ ሥር አንዲት የአምስት ሊትር ጀሪካን ነበረች። መኪናዋ የመጣች ሰሞን የንስሐ አባታቸው ጠበል ረጭተው ባርከዋት ነበር፤ የተረፈውን ጋሼ በጀሪካን ቀድተው፣ መኪናዋን ትጠብቅ ብለው ከጋቢናው ሥር አስቀመጡ። ክዳኗ ስለጠፋ በፌስታል ወትፈዋታል። ጀሪካኗ በየሳምንቱ እየጎደለች ትሄዳለች፤ ጋሼ ግን መኪናዋ በረከቱን እየጠጣች ነው ብለው እሑድ እሑድ ይሞሏታል። መሙላቱ በመስከረም የተጀመረ ነው። መብራቷ የበራችው በኅዳር ነው። ደብተሬ ላይ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ጻፍኋቸው።

ጀሪካኗን አንሡልኝ ብዬ ለመንኋቸው፤ አነሡልኝ። ምንጣፉ ተጨምቆ የሚፈስ ነው። ቢጫው ሶኬት ዝጎ እንደ ሻገተ እንጀራ አረንጓዴ ለብሷል።

ኤሌክትሪሽያኑ አየና ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ማን ደፍሮ ጠበል ሽቦ አበላሸ ይላል? እኔ ደፈርሁ። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፤ የምንጭ ውሃ ግን ማዕድን አለበት፣ ማዕድኑ ደግሞ... እያልሁ ስቀጥል ጋሼ አቋረጡኝ።

«ጠበል ያድናል እንጂ አያሳምምም። ከዚህ በኋላ አንዲት ቃል ብትናገር ክፍልህን ትለቃለህ።»

ጀሪካኗን ወደ ቦታዋ መለሱ። ጥምቀት ሁለት ቀን ቀርቶታል።

የንስሐ አባታቸውን ያስጠሩት እትዬ ናቸው። ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ዜማ የተማሩ፣ አነጋገራቸው አጭር የሆነ አባት ናቸው። መጡ፣ በትረ መቋሚያቸውን ለእኔ አስያዙኝ፣ ጎንበስ ብለው ከወንበሩ ሥር አዩ። እኔ ማስረዳት ልጀምር አፌን ስከፍት በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሩ።

«ጠበል ከየት ነው የሚፈሰው?» አሉ።

«ከአናት፣ አባ።»

«አንተ የት አስቀመጥኸው?»

ጋሼ ወንበሩን አዩ። «ከመቀመጫ ሥር፣ አባ።»

«የስንቱን ሰው ቂጥ አስቀምጠህበት ነው የከረምኸው? ታዲያ ጥፋቱ የጠበሉ ነው ወይስ ያንተ?»

ኤሌክትሪሽያኑ ሳቁን በሳል አወራረደው። አባ ጀሪካኗን ራሳቸው አንሥተው ለእትዬ ሰጧቸውና፣ ቤት ውስጥ ከራስጌ እንዲያስቀምጧት አዘዙ። ከዚያ ሽቦውን ለባለ ሙያው ተዉለት አሉ። እኔ ለአንድ ሳምንት በፊዚክስ ያልፈታሁትን እሳቸው በሁለት ጥያቄ ፈቱት። ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም።

ሥራው ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር። ባትሪውን ነቅለን ቆየን፤ ባትሪው ከተነቀለም በኋላ ኤርባግ ጥቂት ኃይል አስቀርቶ በድንገት ሊነፋ ስለሚችል ሳይቆዩ መነካካት አይገባም፤ ይህን ደግሞ ኤሌክትሪሽያኑ በቃህ ብሎ ሦስት ጊዜ እስኪለምነኝ ድረስ ደጋግሜ ነገርሁት። ምንጣፉን አውጥተን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ሶኬቱን ከመድኃኒት ቤት በገዛሁት አልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሼ አጠብን፣ አደረቅን፣ አጠበቅን። አምፖሏም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ባትሪውን መልሰን ቁልፉን ስናዞር መብራቷ በርታ ቀረች። ጋሼን ላብ አጠመቃቸው። ሥርዓቱ ግን የድሮውን ጥፋት በቃሉ ይዞት ነበር፤ ባሕር ዳር ያለ የሙያ ጓደኛው በስልክ እየመራው ኤሌክትሪሽያኑ ሁለት ሽቦዎችን እያፈራረቀ ሲያስነካ አስረሳው።

ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው እትዬ የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ቁልፉን አዞሩ። ቀይዋ ሴት መጣች። እትዬ ቆጠሩ፤ እኛም በልባችን ቆጠርን፤ አባም ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ስድስት ላይ ጠፋች። እትዬ ቁልፉን መልሰው አጥፍተው እንደገና ቆጠሩ። አሁንም ስድስት። ሦስተኛ ጊዜ የቆጠሩት ለባላቸው ነው መሰለኝ፤ ዓይናቸውን ከእሳቸው ላይ አልነቀሉም።

የጥምቀት ማግሥት ጋሼ ጋቢናውን ከፍተው፣ ወንበሩን በአዲስ ጋቢ አልብሰው ጠበቋቸው። እትዬ አልፈው የኋላውን በር ከፈቱ። ጋሼ ይህ ሁሉ መከራ ለጋቢናው አልነበረም ወይ ብለው ጠየቁ።

«እኔ የፈለግሁት ደህና መሆኗን ነው እንጂ ከፊቷ መቀመጥ አይደለም» አሉ እትዬ። ቀበቶውን እንዳሳየኋቸው ከሆዳቸው በታች አሳልፈው አሰሩ። ጋቢናው ላይ ሊሸኟቸው የመጡት አባ ተቀመጡ፤ በረከት ያው ከአናት ነው ብለው ይሆናል።

ጋሼ ያን መንገድ እንቁላል እንደ ጫነ ሰው ቀስ ብለው ወረዱት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴት ልጅ ይዘው ተመለሱ። እናትየዋ ሲመለሱም፣ ልጅቷን አቅፈው፣ ከመነሣታቸው በፊት ባላቸውን ቁልፉን አዙር ብለው እስከ ስድስት እንዳስቆጠሯቸው ጋሼ ራሳቸው ነገሩኝ።

እናንተም እንግዲህ ዝም ብላችሁ አትነሡ። ነገ ጠዋት መኪናችሁ ውስጥ ግቡ፤ የራሳችሁ ከሌለ የወዳጅን ለምኑ። ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን አዙሩና ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። በርታ ከቀረች ከወንበሩ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ያኖራችሁትን እዩ፤ ሽቦውን ግን ለባለ ሙያ ተዉለት። ጭራሽ ካልመጣች ደግሞ የሹፌሩን ኮት ኪስ ፈትሹልኝ።