ያልደረቀው ደንገል

ጋሽ ነስረዲን ሲስቁ አይቻለሁ የሚል ሰው በሐይቁ ዳር ቢገኝ ውሸቱን ነው። ዕድሜያቸውን ሁሉ ሰው ሲያስቁ ኖረዋል፤ ራሳቸው ግን ስቀው አያውቁም። ፊታቸው ነፋስ ያላገኘው የማለዳ ውሃ ነው፣ የሻላ ወፍ እንኳ ክንፉን ያልነከረበት። ሠርግ ቤት ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሆዱን ይዞ ሲንከባለል፣ እሳቸው «ምን አገኛችሁ?» እንደሚል ሰው ዙሪያቸውን ያያሉ። ያን ጊዜ የበረደው ሳቅ እንደገና ይነሳል።

ሥራቸው የደንገል ታንኳ መሥራት ነው። ዛሬ በባሕር ዳር ውሃ ዳር ለሚንሸራሸር ወጣት ታንኳ ፎቶ መነሻ ሆኗል፤ ያኔ ግን እግራችን ነበር። ማገዶው፣ በርበሬው፣ ሕመምተኛው፣ ሙሽራው በታንኳ ይሻገራል። ከሐይቁ ዳር የታጨደው ደንገል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ አረንጓዴው ሸሽቶ ወርቅ ሲመስል፣ ጋሽ ነስረዲን በጉልበታቸው ረግጠው ሲያስሩት የሚሰማው ሲጥሲጥታ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አብረውም ያንጎራጉራሉ፦

ማዶ ያለሽ ሙሽራ ውሃው ዳር ጠብቂ፣
ታንኳው ከዘገየ ነፋሱን ጠይቂ።

ታዲያ ሠፈሩ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው፣ ግን ሠርግ በመጣ ቁጥር ካልሰማሁ የሚለው አንድ ወሬ ነበራቸው። የራሳቸው ሠርግ ወሬ።

ያኔ ገና «ጋሽ» አልሆኑም ነበርና «እሱ» እያልሁ ልተርከው። የታጨችለት ሸሪፋ ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት ማዶ ያለች ልጅ ናት። ኒካሁን አባቶች አሰሩት፤ እሱም ፊቷን አላየ፣ እሷም የእሱን አላየች። ታንኳ ሠሪ ሆኖ ሙሽራውን በሰው ታንኳ ማምጣት ነውር ሆነበትና አዲስ ልሥራ ብሎ ተነሣ። የሠርጉ ቀን ደረሰ፣ ደንገሉ አልደረሰም። አባቱ አሕመድ አንዱን እስር በእጃቸው ጨበጥ አድርገው አዩና፣ ያልደረቀ ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ ሙሽራ አይጫንበትም አሉት። እሱም ፊቱን ሳይፈታ «ቀጭን ናት ይላሉ» አላቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ጋሽ ነስረዲን ሲያወሩት ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው፣ መቅዘፊያ እንደያዘ ሰው እጃቸውን ግራ ቀኝ እያሉ ነው። እሳቸው ከፊት፣ ሙሽራዋ ተሸፋፍና ከኋላ። ሚዜዎቹ በየታንኳቸው እየዘፈኑ ቀድመዋል። መሃል ላይ ሲደርሱ አዲሷ ታንኳ ከበደች።

«እኛ ቤት የሚጠጣ ሰው የለም» ይላሉ። «የጠጣችው ታንኳዬ ብቻ ናት።»

ውሃው ቁርጭምጭሚት ደረሰ። በእፍረት አልዞሩም። ባት ደረሰ። አልዞሩም። እናቷ የሰጧት መሶብ ተነሥቶ ተንሳፈፈና መንገዱን ቀጠለ፤ ከእኛ ቀድሞ ደረሰ፣ ሠርገኛውም እልል ብሎ ተቀበለው ይላሉ።

እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። የቀረው የእሳቸው አይደለማ። ከሴቶቹ መሃል እትዬ ሸሪፋ፣ ከባላቸው ይልቅ ኮስተር ብለው፣ ያን ቀን ከኋላ ሆነው ያሉትን ይደግሙታል።

«እስቲ ዘወር በል። ያገባሁትን ሰው ሳላየው ልሰጥም ነው።»

ጋሽ ነስረዲን ቀስ ብለው ይዞራሉ። እትዬ ሸሪፋ ከግንባር እስከ አገጭ፣ ሳይቸኩሉ ያዩዋቸዋል።

«አየሁት። ቅዘፍ።»

ድንኳኑ ሊፈርስ ይደርሳል። የማይስቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ልጅ ሆኜ ፍቅር ማለት ሁለት ሰዎች ሳይስቁ አብረው መቀመጥ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ሌላ ትርጉም አላገኘሁለትም።

ከዚያ ሐይቁ መስዑድን ወሰደ። አንድያ ልጃቸው ነበር። በሐምሌ መረቡን ሊያነሳ እንደወጣ ነፋስ ተነሣ፤ ታንኳዋ ብቻዋን ተመለሰች።

ጋሽ ነስረዲን በሐዘናቸውም ውስጥ ያው ጋሽ ነስረዲን ነበሩ። መስጊድ ደጅ ላይ እንዴት ነህ ሲሏቸው፣ «ደህና ነኝ፤ ለጊዜው ሌላ ቃል አልተገኘም» ይላሉ። ደም ብዛት ያገኘባቸው ሐኪም ጭንቀት ይቀንሱ ቢላቸው፣ «ከየትኛው ልጀምር?» ብለው ከልባቸው ጠየቁት። እምቦጭ አረም ውሃውን አልብሶት ዓሣ በጠፋበት ወቅት አንድ እንግዳ ዓሣው ወዴት ሄደ ቢላቸው፣ «ሲሄድ አልተሰናበተንም» አሉ። አጠገባቸው የነበረው ጎረቤት ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ መስዑድ ትዝ አለውና ፊቱን አዞረ።

እትዬ ሸሪፋ ግን ለሐይቁ ጀርባቸውን ሰጡት፤ ደጃፍ ላይ ያለውን በርጩማቸውን ሳይቀር ወደ መንገዱ አዞሩት። ከባላቸው ጋር ጨው አለቀ፣ ከሰል ይምጣ ካልሆነ ሌላ ቃል አይለዋወጡም። ዓመቱ ካለፈ በኋላ በጎረቤታቸው በፈይዛ ሠርግ ሰው ያን ወሬ ለመናቸው። ጋሽ ነስረዲን እንቢ ማለት ከበዳቸውና ጀርባቸውን ሰጥተው ጀመሩ። ታንኳዋ ጠጣች፣ መሶቡ ሄደ፣ ዝም አሉ። ከኋላ ድምፅ አልመጣም። ሲዞሩ የእትዬ ሸሪፋ ቦታ ባዶ ነው፤ ወጥተው ሄደዋል። እንግዳው ይህም የወሬው ክፍል መስሎት ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ አላነሱትም። አንድ ቀን የተሰጣ ደንገል እያገላበጡ ለእኔ ብቻ እንዲህ አሉኝ፦

«ወሬውስ ወሬ ነው፣ ይቅር። የፈራሁት ሁለተኛ ስዞር እንዳላጣት ነው።»

ዘፈናቸውም ተለወጠ። የማዶዋ ሙሽራ ቀረችና፣ ደንገሉን እያገላበጡ ይህን ማለት ጀመሩ፦

ደንገል ይደርቅ ነበር ፀሐይ ላይ ሲያቆሙት፣
ሆዴ ነው ያልደረቀው ስንት ዓመት ቢያሰጡት።

ዘንድሮ ዜማ የምትባል ወጣት መጣች። የሠፈራችን ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከጓደኞቿ ጋር በውሃው ዳር አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስታንድ አፕ ኮሜዲ የሚሉትን ታዘጋጃለች። ለጋሽ ነስረዲን ስታስረዳቸው አጠገባቸው ነበርሁ።

«ጋሼ፣ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ችግሩ የሚያወራበት ነው።»

«ቆሞ?»

«አዎ፣ ቆሞ።»

«እኔ ችግሬን የማወራው ተቀምጬ ነው። ረጅም ነው።»

ዜማ ስቃ ስታበቃ የሠርጉን ወሬ ለመነቻቸው። በልጅነቷ የሰማችው፣ ከአእምሮዋ ያልወጣ። ጋሽ ነስረዲን ግማሹ የእኔ አይደለም፣ ሸሪፋን ጠይቂ አሏት። ገብታ ጠየቀች። እትዬ ሸሪፋ እሺም አላሉ፣ እንቢም አላሉ፤ ምስር መልቀማቸውን ቀጠሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን የጋሽ ነስረዲን ነጭ ሸሚዝ ታጥቦ ገመዱ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ማንም ስለ ሸሚዙ አልተናገረም። እሳቸው በኋላ ሲነግሩኝ፣ የጎረቤት መስሎኝ ለመልበስ ፈራሁ አሉ።

አዳራሹ በወጣት ሞልቷል። ልጆቹ ተራ በተራ እየወጡ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ፍቅረኛ ቀለዱ። እትዬ ሸሪፋ ነጠላቸውን ተከናንበው መጡና ከመጨረሻው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። በሩ አጠገብ መሆኑን ሳይ የፈይዛ ሠርግ ትዝ አለኝ።

ጋሽ ነስረዲን ወጡ። ማይኩ ከአፋቸው በላይ ቆሟል፤ አልነኩትም፣ ቀና ብለው አዩት።

«ስለ ችግርዎ ያውሩ ብለውኛል» አሉ። «እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።»

ልጆቹ ሳቁ። ስለ እምቦጩ አወሩ፣ ስለ ሐኪሙ አወሩ፤ ፊታቸው ያው የማለዳ ውሃ ነው። ከዚያ ጀርባቸውን ለአዳራሹ ሰጡ፤ እጃቸው መቅዘፊያውን ያዘ። አባታቸው ደንገሉን ጨበጡ። ሚዜዎቹ ቀደሙ። ታንኳዋ ጠጣች። መሶቡ ተነሥቶ ሄደ፣ እልልታው ተሰማ።

ዝም አሉ።

ወጣቶቹ ዝምታውን እንደ ቀልድ ወስደው ሳቁ። ዝምታው ሲረዝም ሳቁ ሳሳ፣ ከዚያ ቆመ። ጋሽ ነስረዲን አልዞሩም። እጃቸው አንድ ጊዜ ቀዘፈ። ደግሞ ቀዘፈ። ከእኛ በኩል የሚታየው ነጩ ሸሚዝ ብቻ ነው። ወደ በሩ ለማየት እኔም አልደፈርሁም።

«እስቲ ዘወር በል» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ሰው ሁሉ ዞረ። እትዬ ሸሪፋ ቆመዋል። ኮስተር እንዳሉ ናቸው። የቀረውን እኔም፣ ዜማም፣ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ በቃላችን እናውቀዋለን፤ እሳቸው ግን ያን አላሉም።

«ያገባሁትን ሰው ካየሁት ቆየሁ።»

ጋሽ ነስረዲን ቀስ ብለው ዞሩ። ያ ፊት እንባ በእንባ ሆኗል። እትዬ ሸሪፋ ከግንባር እስከ አገጭ፣ እንደ ጥንቱ ሳይቸኩሉ አዩዋቸው።

«አየሁት» አሉ። «ቅዘፍ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጠ። ልጆቹ ምን እንዳዩ አያውቁም፤ ማወቅም የለባቸውም። ጋሽ ነስረዲን በሸሚዛቸው እጅጌ ፊታቸውን ጠርገው፣ ሲወርዱ ለዜማ ለሌላ ጊዜ ወንበር እንድታዘጋጅ ነገሯት።

በማግሥቱ ጠዋት በደጃቸው አለፍሁ። በርጩማው ዛሬም ወደ መንገዱ እንደዞረ ነው። እትዬ ሸሪፋ ግን አልተቀመጡበትም፤ ከውሃው ዳር፣ ከተሰጣው ደንገል ዘንድ ቆመው አንዱን እስር በእጃቸው ጨበጥ አድርገው ያያሉ።

«አልደረቀም» አሉ።

ጋሽ ነስረዲን ከሥራቸው ቀና ሳይሉ መለሱላቸው።

«ምን አስቸኮለን?»