የእኔ ምርመራ አይሆንሽም

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «ልኬ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ በጫማ መሸጫና በፎቶ ቤት መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ ሁለት ደንበኛ ከገባ አንዱ የግድ ካውያው አጠገብ ይቆማል። እዚያች ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ስትሰፋ፣ ሳትለካ መቀስ አንስታ አታውቅም። ከዚህ ሕግ ነፃ የሆነች አንድ ሰው ብቻ ናት፤ ታናሽ እህቷ።

እህትየው አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ናት፤ ቆማ የምትለካበት ጊዜ የላትም። ደግነቱ የሁለቱ ትከሻ፣ ወገብና ቁመት አንድ ነው። ልኬ የራሷን ልክ ይዛ ሁለት ቀሚስ ትቆርጣለች፤ ሁለቱም ልክክ ይላሉ። ስህተቱ የመጣው ከዚህ ልማድ ነው።

እናታቸው የሞተችው በማህፀን በር ካንሰር ነው። ልኬ አርባ ዓመት ሲሞላት ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ተመረመረች፤ ደህና ነሽ ተባለች። እየበረረች ለእህቷ ነገረቻት።

«እሰይ! እንግዲህ እኔም ተገላገልኩ» አለች እህትየው።

«አንቺ ደግሞ ከምኑ ነው የተገላገልሽው?»

«የአንድ እናትና አባት ልጆች አይደለን? ያንቺ ልክ የኔ ልክ ነው። አንቺ ደህና ከሆንሽ እኔም ደህና ነኝ።»

ልኬ ሳቀች። ነገሩ ግን ከነከናት። እውነት ይሆን? ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንተወዋለን፤ እሷ ግን ያላረጋገጠችውን ነገር በግምት መቁረጥ አትወድም። በማግስቱ ሱቋን ዘግታ ወደ መረመረቻት ነርስ ተመለሰች።

«ሲስተር፣ የእኔ ምርመራ ለእህቴ ይሆናል?»

ነርሷ ልኬ የቀለደች መስሏት ነበር። ቁም ነገር መሆኑን ስታይ ወንበር ሳበችላትና ማስረዳት ጀመረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህን ካንሰር የሚያመጣው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። አብዛኞቹን ሴቶች በሆነ ጊዜ ይይዛቸዋል፤ የአብዛኞቹም ሰውነት ሳያውቁት ያጠፋዋል። እንዴት? ደስ የሚለው ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ውስጡ ካለው ነገር ቁርጥራጭ እያወጣ፣ ልብስ ገመድ ላይ እንደሚሰጣ ደጁ ላይ ያሰጣል። ጠባቂ ሕዋሳት እየዞሩ የተሰጣውን ይፈትሻሉ። የቫይረስ ቁርጥራጭ ካዩ ያንን ሕዋስ ያስወግዱታል። ቁርጥራጩን ይዞ የሚያሳይ መቆንጠጫ አለ። የመቆንጠጫው ቅርጽ ከሰው ሰው ይለያያል፤ የሚወስኑትም ከእናትና ከአባት የምንወርሳቸው ዘረ መሎች ናቸው። አንዱ መቆንጠጫ የዚህን ቫይረስ ቁርጥራጭ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ ሌላው ያንሸራትተዋል። ሲያንሸራትተው ቫይረሱ ሳይታይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

«ታዲያ የእኔና የእህቴ መቆንጠጫ አንድ አይደለም?» አለች ልኬ።

«እናት የእነዚህ ዘረ መሎች ሁለት ስብስብ አላት፤ ለአንድ ልጅ አንዱን ትሰጣለች። አባትም እንደዚያው። እስቲ ቁጠሪው፣ ስንት ዓይነት ልጅ ይወጣል?»

ልኬ በጣቶቿ ቆጠረች። «አራት!»

«ስለዚህ አንድ ዓይነት የመሆን ዕድላችሁ ከአራት አንድ ነው። አንድ ዓይነት ብትሆኑ እንኳ ቫይረሱ አንቺን ትቶ እሷን ይዟት ሊሆን ይችላል። ዘረ መል ዕድሉን ትንሽ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ ደህና ትሁን አትሁን አይነግረንም። ያንን ለማወቅ ራሷ መመርመር አለባት።»

ልኬ ከዚያ በቀጥታ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደች። እህትየው ባዶው አውቶቡስ ውስጥ የኋላው ወንበር ላይ ምሳዋን ትበላለች።

«የእኔ ምርመራ አይሆንሽም» አለቻት።

«ምነው፣ ወገቡ ጠበበ?»

ልኬ አልሳቀችም። ከእህቷ የትኬት ጥራዝ አንድ ቅጠል ገንጥላ በሁለት ጣቶቿ ያዘች። «የእኔ ሰውነት የቫይረሱን ቁርጥራጭ እንዲህ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል እንበል። ያንቺ እንዲህ ቢሆንስ?» ጣቶቿን ላላ ስታደርግ ትኬቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዚያ የሰማችውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

እህትየው ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እትዬ፣ እኔ እኮ ፈርቼ ነው። እማዬን ያስታመምኳት እኔ ነኝ። አለብሽ ቢሉኝስ?»

«አውቃለሁ። እኔም እየፈራሁ ነው የገባሁት። አብረን እንሄዳለን።»

ሄዱ። ነርሷ የእህትየው ማህፀን በር ላይ አንድ ነጭ ነገር አገኘች። ካንሰር አልነበረም፤ ለዓመታት ቢተው ግን ወደዚያ ሊለወጥ የሚችል ነገር ነበር። የዚያኑ ዕለት ነጩን ቦታ በቅዝቃዜ በሚያጠፋ መሣሪያ ታከመች።

«አለቀ? ለዚህች ነው ይሄን ያህል የሸሸሁት?» አለች ስትወጣ፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች።

በዓመቱ ለክትትል ተመለሱ። የእህትየው ውጤት ንጹሕ ሆነ። ልኬ አቅፋት ስታለቅስ፣ እህትየው ከትከሻዋ በላይ ወደ ነርሷ ተመለከተች።

«ሲስተር፣ የእሷ ቀጣይ ቀጠሮ መቼ ነው?»

«ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል።»

«በእኔ ስልክ መዝግቢልኝ። ይቺ ሴትዮ ሥራ አለብኝ ብላ እንዳታመልጠኝ።»