ጾመው ይምጡ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የስኳር ክትትል ክፍላችን ኃላፊ ሲስተር አልማዝ የጣት መውጊያ መርፌ፣ የመለኪያ ማሽንና አንድ ዓረፍተ ነገር አስረከቡኝ። «ለጠዋት ምርመራ የሚቀጠረውን ሁሉ ጾመው ይምጡ በይው። ሌላ ወሬ አታብዢ፤ ሰልፉ ረጅም ነው» አሉኝ።

እኔም አላበዛሁም። አማርኛም ኦሮምኛም የሚነገርበት የጊንጆ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ በሁለቱም «ጾመው ይምጡ»፣ «ሶምታኒ ኮታ» እያልኩ ስንት ዓመት ሠራሁ። ጣት ሳያሳምም በመውጋት የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ይህን ስናገር አላፍርም።

አዴ ዘይነባ የቡ በምትባል የገጠር ከተማ የቡና ማሳ ያላቸው እናት ናቸው። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር አለባቸው። ክኒናቸውን አያጓድሉም፤ የጠዋት ስኳራቸው ግን አልወርድ አለ። በመጡ ቁጥር ማሽኑ ከሁለት መቶ በላይ ያሳያል። ዶክተሩ መድኃኒት ጨመሩ፣ ደግመው ጨመሩ። በሦስተኛው «ኢንሱሊን ይጀምሩ፤ አወጋጉን አሳዪያቸው» ብለው ወደ እኔ ላኳቸው።

አዴ አለቀሱ። «ብቻዬን ነው የምኖረው። ስኳሩ ወርዶብኝ ቡናው መሃል ብወድቅ ማን ያነሳኛል?»

ኢንሱሊን የሚጀምር ሰው የሚበላበት ሰዓት ይመዘገባልና እስክሪብቶዬን አወጣሁ። «ትናንት እራት ምን በሉ?»

«ቂጣ በጎመን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሱሁር ነዋ! ሳይነጋ ተነስቼ ጨጨብሳ በማር። የጾም ኒያዬን አድርጌ፣ ወላሂ ከዚያ ወዲህ ውሃም አልቀመስኩ። ጾመሽ ነይ ያልሽኝ አንቺው አይደለሽም እንዴ?»

ክው አልኩ። ለምርመራው ብለው ሙሉ ቀን ሊጾሙልን አስበው ነው የሚመጡት። እኛ ስንለካ የኖርነው የሱሁሩን ማር ነበር። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ዶክተሩ ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ወዲያው ግን ካርዳቸውን ሳቡ። «ለማር ነው መድኃኒት የጨመርነው?» አሉና የኢንሱሊኑን ትእዛዝ ሰረዙት።

በቀጣዩ ሳምንት አዴ እንዳስረዳኋቸው ከእራት በኋላ ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ መጡ። መቶ ሠላሳ። ዶክተሩ የተጨመረውንም መድኃኒት ቀነሱላቸው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ቀን በከንቱ ነው የጾምኩት?» አሉኝ አዴ።

«አላህ ይቀበልዎት» አልኳቸው። ሁለታችንም ሳቅን።

አሁን አዲስ ነርስ ሲመጣ መርፌውንና ማሽኑን የማስረክበው እኔ ነኝ። ያችን ዓረፍተ ነገር ግን አላስረክብም። በምትኩ «መጨረሻ የበሉት ምን እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደበሉት ጠይቁ፤ ከዚያ ውጉ» እላለሁ።