ከናሙና የተረፈ ዓሣ

እስቲ ያቺን ወፍ እዩዋት። ስልካችሁን ተዉትና እሷን እዩ። ሐይቁ ዳር፣ ጭቃው ላይ፣ ክንፏን ዘርግታ መሰብሰብ ያቃታት ትልቋ ነጭ ወፍ። ዓሣው እግሯ ሥር ይርመሰመሳል፤ ትሰነዝራለች፣ ትስታለች። ደግማ ትሰነዝራለች፣ ጭቃ ትነክሳለች። የጠጣች ትመስላለች። ያጠጣናትማ እኛው ነን።

ወፏን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ቤተ ሙከራ የምትወስደው ሴት ጎረቤቴ ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «ሚዛን» ይሏታል፤ አንዲት ዘለላ ፀጉር እንኳ ሳትመዝን አታስቀምጥም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዋ የሐይቁን ዓሣ፣ የወፎቹን እንቁላል፣ የሞቱትን ጉበት እየቆረጠች ምን ያህል ሜርኩሪ እንዳለበት መለካት ነው። ሜርኩሪው ከላይ ካለው የኬሚካል ፋብሪካ በቱቦ ይወርዳል። አይታይም፣ አይሸትም። ትንሹ ዓሣ ይውጠዋል፣ ትልቁ ትንሹን ይውጣል፣ እንዲህ እየተጠራቀመ ይሄዳል። የዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጥኩት እኔ የገባኝ ነገር ወንበር ላይ ለተቀመጡት እንዴት እንዳልገባቸው አትጠይቁኝ።

ቤተ ሙከራው አንድ ልማድ ነበረው። ከእያንዳንዱ ዓሣ ጀርባ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሥጋ ተቆርጣ ብልቃጥ ውስጥ ትገባለች። የተረፈውን ትኩስ ዓሣ ደግሞ ማን ይጥለዋል? ማታ ከሥራ ሲወጡ በፌስታል ይከፋፈሉታል። ማንም ሰርቆ አልወሰደም፣ ማንም አልፈራም። የልኬቱ ወረቀት ላይ «ከተፈቀደው በታች» የሚል ተጽፏላ።

ሚዛን ስታረግዝ የቤተ ሙከራው ጀልባ ቀዛፊ ሽማግሌ ትልቁን ዓሣ እየመረጠ ያስቀምጥላት ጀመር።

«ጋሼ፣ ይሄማ በዛ። ለሌሎቹስ?»

«ዝም ብለሽ ውሰጂ። ለሁለት ነው የምትበይው። ልጁም ዋናተኛ ይወጣልሻል።»

ሁሉም ሳቁ። እሷም ስቃ ወሰደች።

«የተፈቀደው» የሚባለው በሳምንት አንዴ ለሚበላ ትልቅ ሰው የተሰላ ነበር። እሷ ቤት ዓሣ በሳምንት አራት ቀን ይቀርባል። የሰውን ሁሉ ስትመዝን የኖረች ሴት የገዛ ሳህኗን አልመዘነችም።

ልጅቷ ተወለደች። ጉንጯን አይተን «ድንቡሼ» አልናት። ለመሄድ ዘገየች፤ አያቷ «ልጅ በየራሱ ጊዜ ነው» አሉ። ለመናገር ዘገየች፤ እሱንም በየራሱ ጊዜ አልነው። ሰባት ዓመት ሞልቷት የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅታት ግን የምንለው አጣን።

በዚያው ዓመት ቤተ ሙከራው የሐይቁ ዳር ልጆችን ፀጉር መለካት ጀመረ። ለማነጻጸር ከውሃው ርቆ የሚኖር ልጅ ፀጉር ያስፈልግ ነበር። የሚዛን ቤት ኮረብታው ላይ ነው፤ የሚጠጡትም የቧንቧ ውሃ ነው። ከድንቡሼ ማጅራት ላይ ጥቂት ፀጉር ቆረጠችና ፖስታው ላይ «ንፁህ» ብላ ጻፈችበት።

ውጤቱ ሲመጣ ከተለኩት አርባ ልጆች ሁሉ የበለጠው የድንቡሼ ነበር።

መቀሱ ቆሽሾ ይሆናል አለች። አዲስ መቀስ ቀቅላ ዳግመኛ ቆረጠች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። ወረቀቱን ይዛ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዘንድ ገባች።

«አየሽ እህቴ፣ ይሄ ናሙና ተበክሏል» አላት። «ከሠንጠረዡ አውጪው።»

«ናሙናው አልተበከለም፣ ዶክተር።»

«ታዲያ ምኑ ነው የተበከለው?»

«ልጄ ናት።»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። እሱም ቤት ሦስት ልጆች አሉ፤ እሱም ፌስታል ሲያንጠለጥል ነው የኖረው።

የሕፃናት ሐኪሟ አልዋሸቻትም። ዓሣውን ካቆማችሁ ከደሟ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ያበላሸውን ግን የሚመልስ መድኃኒት የለኝም አለቻት። ሚዛን የልጇን ሹራብ ከላይ እስከ ታች ቆለፈችላት።

የልጅቷ ቁጥር ከሠንጠረዡ ሳይወጣ የፀጉሩ ልኬት ሪፖርት የበላይ መሥሪያ ቤት ገባ። እዚያው ቀረ። ፋብሪካው ይታገድ ዘንድ ሁለት መቶ ልጆች መለካት አለባቸው፣ አርባ አይበቃም፣ ሕዝቡም በከንቱ ይደናገጣል ተባለ። ይደናገጥ እንጂ! ደንግጦ የዳነ ልጅ ይሻለኛል።

እናም ሚዛን በእረፍት ቀኗ መቀሷንና ፖስታዋን ይዛ ሐይቁ ዳር ቤት ለቤት ትዞራለች። እኔም ፖስታ ተሸክሜ እከተላታለሁ። ባለፈው እሑድ አንዲት ነፍሰ ጡር በሩ ላይ አቁማን፣

«ሂጂልን እባክሽ» አለቻት። «በፌስታል ስትወስጂ ስናይሽ አልኖርንም? የተማሩት የሚበሉት ምን ይሆናል ብለን ነው እኛም የበላነው። ዛሬ መርዝ ነው ልትዪን መጣሽ?»

«እውነትሽን ነው» አለች ሚዛን።

«ያንቺዋስ ደህና ናት?» አለች ሴትዮዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሚዛን «አይደለችም» ብላ ራሷን ነቀነቀች። በሩ ግን ተዘጋ።

ከሁለት መቶው እስካሁን የተገኘው የስልሳ ሦስት ልጆች ፀጉር ነው። እናንተ ሐይቁ ዳር ልጅ የምታሳድጉ፣ እሑድ ጠዋት ስታንኳኳ ክፈቱላት። ከልጃችሁ ማጅራት ላይ ትንሽ ፀጉር አትንፈጓት። መሳደብ ካማራችሁ ከኋላዋ ፖስታ ተሸክሜ የቆምኩት እኔ አለሁ፤ እኔን ስደቡኝ። እሷን ግን አስገቧት።