ጀርባዋን ስታዞር የተቀረጸው

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ተደግፎ ቆሟል። የአራተኛ ክፍሉ መምህር መስኮቱ ዘንድ ነው። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች ጠረጴዛውን ከበዋል፤ ፊልሙን የቀረጸችው ልጅ ከሁሉም ፊት ናት። እናቷ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋለች። ወንበር የተሰጠው ለእኔ ብቻ ነበር፤ በዕድሜዬም፣ ድሮ እዚያው ራቤል ትምህርት ቤት አስተምር ስለነበርም ነው።

አሁን ክበቡን አግዛለሁ። ያስተማርኳቸው ጥቂት ነገር ነው። ሰው ስትቀርጹ አስፈቅዱ፤ ሌላው ሳያየው በፊት ለተቀረጸው ሰው አሳዩት፤ የምትቆርጡት ካለ ለምን እንደቆረጣችሁት ተናገሩ። ለወላጆች ቀን ስለ ሸክላ ሥራ ፊልም እንዲሠሩ ያልኩትም እኔ ነኝ። ያን ቀን አስቀድመው ለሸክላ ሠሪዋና ለእኔ ያሳዩን ሁለታችንም ስላለንበት ነው፤ እሷ ስትሠራ፣ እኔ ድስት ስገዛ።

ጭቃው ሲቦካ፣ ድስቱ ቅርጽ ሲይዝ አየን።

«እናትሽን እኮ አንገቷን ቆርጠሻታል! እጅ ብቻ!» አላት አንዱ።

«ያንተ ቀረጻማ ከበግ ላት ሌላ ምን አለበት!»

እናቷም ሳቀች።

ከዚያ ፊልሙ ላይ እኔ መጣሁ። ሸክላ ሠሪዋ ጠላ በጣሳ ሰጠችኝ። ድስቱን በገለባ ልትጠቀልል ጀርባዋን ስታዞር ጠላውን ከአንድ ድንጋይ ኋላ ደፋሁት። ስትመለስ ባዶውን ጣሳ አቀበልኳት። «እግዜር ይስጥልኝ» ስል ድምፄ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ከሸክላ ሠሪ ቤት ዕቃ ይገዛል እንጂ እህል ውሃ አይቀመስም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

መምህሩ ወደ ውጭ ያይ ጀመር። ልጅቷ ፊልሙን አቆመች።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት። ይታይ ወይስ ይቆረጥ?»

«ይቆረጥ።»

«ለምን እንበል? ምክንያቱን ተናገሩ ብለውናል።»



«አንቺ ልጅ፣ ተያቸው እንጂ» አለች እናቷ ከበሩ። «ያን ቀን ጠላው ሆምጥጦ ነበር። እኔስ መች ጠጣሁት!»

መሆምጠጡን አላውቅም፤ አልቀመስኩትም። ልጅቷ ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም።

«ሆምጥጦ ነበር፣ እትዬ?»

«አዎ» አልኩ።

ጣቷን ስልኩ ላይ አሳረፈች። ቆረጠችው።

ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁ። ሸክላ ሠሪዋ እንዳልፍ ከበሩ ፈቀቅ አለችልኝ። ወጣሁ።